ናሆም በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር

ሰኞ

የእማዬ ስልክ ተዘጋ። የአሜሪካው ቁጥሯ ማለቴ ነው።

ጠዋት ወደ ሥራ ስነዳ ከደሴ በኢንተርኔት ደወለችልኝ። «ሂሩቴ፣ ስልኬ ላይ ያ ከላይ የሚታየው መስመር መስመሩ ጠፍቷል። አጥፍቼ ባበራውም እንቢ አለኝ» አለች። እዚያ ኔትወርክ ሄዶ ይመጣል ብዬ ቀለል አድርጌ አለፍኩት። ፋርማሲው ገብቼ ነጩን ጋዋን ከለበስኩ በኋላ ነው ኢሜይሌን ያየሁት። እማዬ ኢሜይል ስለማትከፍት አካውንቷ ላይ ያለው የኔ አድራሻ ነው። መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ መስመርዎ ባለፉት ወራት በአብዛኛው ያገለገለው ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ ከአገር ውጭ አጠቃቀም (ሮሚንግ) ፖሊሲያችን መሠረት ታግዷል፤ ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። መጨረሻው ላይ «ስለ ረጅም ዘመን ታማኝነትዎ እናመሰግናለን» የሚል አለበት።

ከእገዳው ይልቅ ያናደደኝ ምስጋናው ነው።

ነገሩን እዚህ በቅጡ ልጻፈው፤ ነገ ለማላውቀው ሰው ስናገር እንዳልንተባተብ። ናሆም ታናሽ ወንድሜ ነው። ከታመመ ወዲህ ቤት አይቀመጥም። ድምፅ ይሰማዋል፣ ሰው ያሳድደኛል ይላል፣ መድኃኒቱን ጀምሮ ይተወዋል። አንዳንድ ጊዜ መጠለያ ያድራል፣ አንዳንድ ጊዜ የት እንደሚያድር አናውቅም። ብቻ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አይርቅም፤ ያደግነው እዚያ ነው። ስልክ ገዝተንለት ነበር፤ ያዳምጡኛል ብሎ ሰበረው። ነገር ግን በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ የሰው ስልክ ተውሶ ለእማዬ ይደውላል። በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሃይስኩል እያለ የያዘው። ከእማዬ በቀር ማንም ካነሣው ይዘጋል። እኔ ሳነሣውም ይዘጋል፤ የኔን ድምፅ አስመስሎ የሚያወራ ሌላ ሰው ይመስለዋል።

እማዬ ደሴ የሄደችው እኅቷ እትዬ ብርቄ ወድቃ ዳሌዋ ስለተሰበረ ነው። ልጄ ቢደውልስ ብላ አልሄድም ብላ ነበር። የስልክ ካምፓኒው ሱቅ ወስጃት «የትም ቢሄዱ እዚህ እንዳሉ ይሠራል» ሲሏት ነው ልቧ የረጋው። እውነትም ሠርቷል። ናሆም ደውሎ ደሴ ላይ አንሥታለች። ኢትዮጵያ ነኝ ብትለው «እሺ፣ ስትመጪ ጋቢ አምጪልኝ» አላት። ያን ቀን እማዬ ስታወራ ድምፅዋ የልጃገረድ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ለካምፓኒው ደወልኩ። ሙዚቃው፣ ከዚያ ማስታወቂያው፣ ከዚያ እንደገና ሙዚቃው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሣች። ከኛ ጋር ሃያ ዓመት ሊሞላችሁ ነው፣ እናመሰግናለን አለችኝ። ከዚያ የአካውንቱ ባለቤት ነዎት ወይ አለች። ልጅዋ ነኝ አልኩ። ከባለቤቱ በቀር ማነጋገር አልችልም፣ ይቅርታ አለችኝ። በቃ።

ግርማ ከኤርፖርት የሾፌርነት ሥራው ሲገባ ነገርኩት። «ቁጥር እኮ ነው፤ ሌላ እናወጣላታለን» አለ ባሌ። አየሁት። ጫማውን ሳይፈታ እንደቆመ ገባው።

«ናሆም» አለ።

«አዎ፣ ናሆም።»

ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሱቃቸው ሄድኩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ይስቃል። ኮምፒውተሩን አየና «ፖሊሲ ነው፤ ሮሚንጉ ለጉዞ እንጂ ለኑሮ አይደለም» አለኝ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ውሉም ላይ አለ፤ ትናንት ማታ አነበብኩት፣ በጥቃቅን ፊደል ነው። ሱቅ ያናገሩን ሰዎች ግን አላነሡትም።

ቁጥሩን ወደ ሌላ ካምፓኒ ልውሰደው አልኩት። የታገደ ቁጥር አይዛወርም። ቅዳሜ ከተዘጋ በኋላስ? ወዳልተያዙት ቁጥሮች ይመለሳል፣ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ሲለኝ ናሆም ደውሎ አንድ የማያውቀው ሰውዬ «ሄሎ» ሲለው ታየኝ። የፈራው ሁሉ እውነት ይሆንበታል። እናቱን ወስደዋታል ማለት ነው።

ልጁ በዚህ መሀል «የቆያችሁ ደንበኞች ስለሆናችሁ አዲስ ስልክ በነፃ ይገባችኋል፣ ቀለሙን መምረጥ ትችያለሽ» አለኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የእማዬን ቁጥር ደወልኩ። የደወሉላቸው ሰው በአሁኑ ጊዜ ጥሪ አይቀበሉም፣ ይላል። የሴት ድምፅ ነው፣ ለስላሳ። እሱ ቢደውል የሚሰማው ይህን ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ አለቀስኩ፣ አፍንጫዬን ጠረግሁ፣ ሥራ ተመለስኩ።

ቅዳሜ አይዘጋም። አላስዘጋም።

ረቡዕ

ዛሬ ግማሽ ድል!

ፈቃድ ጠይቄ ቤት ቀረሁ። እማዬን በአንድ ስልክ፣ ካምፓኒውን በሌላ ስልክ ይዤ ሁለቱንም ድምፃቸውን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያነሣው ሰውዬ ጨዋ ነው። ባለቤቷ ራሷ ፈቃድ ከሰጠች እኔን አካውንቱ ላይ ሊያስገባኝ ይችላል። ግን መጀመሪያ ማንነቷን ማረጋገጥ አለበት።

«ኮድ ወደ ስልክዎ ልኬያለሁ፣ ያንብቡልኝ» አላት።

«የትኛው ስልክ?» አልኩት እኔ።

«አካውንቱ ላይ ወዳለው።»

«እሱን እኮ ዘግታችሁታል።»

«ልክ ነሽ» አለኝ። ይህን ቃል ከሰኞ ጀምሮ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሌላው መንገድ የምስጢር ጥያቄ ነው። እኔ ላስተረጉም አልችልም፣ ጉዳዩ የኔ ነዋ። የአማርኛ አስተርጓሚ እናስገባለን አለ። አንዲት ሴት ገባች፣ ድምፅዋ የዕድሜ እኩያዬ ይመስላል። የሚነገረውን ሁሉ እንደ ተነገረ እንደምትተረጉም ቀድማ አስታወቀች። «እንደምን አሉ፣ እናቴ?» አለቻት።

እማዬ ደስ አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን። የኔ ልጅ፣ አገርሽ ወዴት ነው?»

አስተርጓሚዋ ግዴታዋ ነውና ይህንንም ተረጎመችው። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ «እኔ? እኔ አሪዞና» አለ። ስንት ቀን የታመቀ ሳቅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አፌን በእጄ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጥያቄው የቤት እንስሳሽ ስም ማን ነበር የሚል ሆነ። እማዬ «እኔ? እንስሳ? በአሜሪካ ቤት?» አለች። አካውንቱን ያኔ የከፈተላት ናሆም ነው፣ ጤነኛ ሳለ፤ መልሱንም የጻፈው እሱ ነው። መናገር አይፈቀድልኝም። እማዬ ስታስብ የደሴ ዶሮዎች ይሰሙኛል። «ቆይ» አለች። «ናሆም በጃኬቱ ደብቆ ያስገባት አንዲት ድመት ነበረች። ስም አላወጣሁላትም። ሥጋ ስለምትሰርቅ ሌባዋ ነበር የምላት።»

አስተርጓሚዋ ትርጉሙን ተናገረች። ሰውዬው አይደለም አለ። እሷም ቀልጠፍ ብላ «ቃሉ በአማርኛ ሌባዋ ነው» አለችና በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ቆጠረችለት። የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ።

«ትክክል ነው።»

ናሆም ያን ጊዜ እየሳቀ እንደጻፈው እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ስለ ናሆም ነገረቻቸው። አልጠየቋትም፤ ነገረቻቸው። «ልጄ ታሟል፤ መንገድ ላይ ነው። የሚያውቀው ይህን ቁጥር ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።» አስተርጓሚዋ ስትተረጉመው ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፣ ግን ቃል አልዘለለችም። ሰውዬው አካውንቱ ላይ አስገባኝ። መስመሩን ለማስከፈት ግን አዲስ ሲም ካርድ እዚህ አገር ኔትወርክ ላይ መግባት አለበት፤ ያን ደግሞ የሚሠራው የካምፓኒው የራሱ ሱቅ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ለካ ወኪል ብቻ ነው። ቅርቡ አሌክሳንድሪያ ነው አለኝ።

ልንሰናበት ስንል አስተርጓሚዋ በአማርኛ «እግዜር ያገናኛችሁ» አለች። ያቺን ብቻ አልተረጎመቻትም።

ሐሙስ

መሄድ አልቻልኩም። ሁለት ሠራተኞች ቀርተው ፋርማሲው በሰው ተጨናንቋል። ለነገ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሺፍት ተቀያየርኩ፤ በምትኩ እሑድ ጠዋት እገባለሁ። ቅዳሴ ይቅር፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

እማዬ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ቲኬቴን ቀይሩልኝ፣ እመጣለሁ አለች።

«እትዬ ብርቄስ?»

«እሷማ መነሣት አትችልም። እኔ ነኝ የማገላብጣት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ላድርግ! እዚህ እኅቴ፣ እዚያ ልጄ። ለሁለት ልሰነጠቅ?»

አትምጪ አልኳት። ይህን ለማለት ድፍረት ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም። እስከ ቅዳሜ ስጪኝ፣ ካቃተኝ ራሴ ቲኬቱን እቀይራለሁ አልኳት። «አንቺ እልኸኛ ነሽ፣ እንደ አባትሽ» አለች። ይህ በቤታችን ምርቃት አይደለም፤ ዛሬ ግን እንደ ምርቃት ወሰድኩት።

ግርማ አሌክሳንድሪያ ሰው አድርሶ ሲመለስ ናሆም የሚሞቅበት ላይብረሪ ጎራ ብሎ ነበር። አላየውም። ጠባቂው ግን ያውቀዋል፤ «ረጅሙ፣ ዝም የሚለው? በዚህ ሳምንት አልመጣም» ብሎታል። ብርዱ ጠንክሯል። ጠዋት የመኪናዬ መስታወት በረዶ ይዞ ነበር።

ዓርብ

በጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ። ሱቁ ሲከፈት ከበሩ ላይ ነበርኩ።

ሥራ አስኪያጇ ግሬስ ትባላለች፣ ስሟ ደረቷ ላይ አለ። ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች። ከናሆም ጀመርኩላት፤ ፖሊሲ የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ ለመቅደም። ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። «ቁጭ በይ» አለችና በውስጥ መስመራቸው የታማኝ ደንበኞች ክፍል ወደሚባለው ደወለች። እሷም እንደኔው ሙዚቃ ጠበቀች። ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

ያነሣው ሰው ምን እንዳላት አልሰማሁም። የሷን ግን ሰማሁ።

«አይ፣ ታብሌት አትፈልግም። … ቅናሽም አትፈልግም። … ጌታዬ፣ ቁጥሩን ነው የምትፈልገው። ሴትዮዋ እዚህ ፊቴ ተቀምጣለች፣ ካልከፈታችሁላት አትነሣም፣ እኔም አላስነሣትም።»

ከፈቱት። አሮጌ ስልኬን ይዤ ሄጄ ነበር፣ አዲሱን ሲም ካርድ አስገባችበት። መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። ግን ማስጠንቀቂያ አለው፦ መስመሩ እንደገና ከአሜሪካ ውጭ ብዙ ከሠራ በማያዳግም ሁኔታ ይዘጋል። ሲሙን ደሴ ልልከው አልችልም ማለት ነው።

ግሬስ ወደ በሩ ስትሸኘኝ ዝግ ባለ ድምፅ «አሁን ክፍት ነው። ክፍት ቁጥር ደግሞ ያንቺ ነው፤ ወደ ፈለግሽው ካምፓኒ መውሰድ መብትሽ ነው» አለችኝ። አቀፍኳት። እንደምታቅፈኝ አላሰብኩም ነበር፣ አቀፈችኝ።

መልእክት ይኖር እንደሆን አየሁ። ምንም የለም። ታግዶ እያለ ማን እንደደወለ አይመዘግብም። ደውሎ ይሁን አይሁን አናውቅም።

አሁን ሌላ ጭንቀት መጣ። ስልኩ እኔ እጅ ነው። ናሆም አሁን ቢደውል የማነሣው እኔ ነኝ፣ እሱም ይዘጋል፣ ምናልባትም ዳግመኛ አይሞክርም። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ቤቴ ፈንጂ እንደያዘ ሰው ጭኔ ላይ አድርጌው ነዳሁ። እንዳይጮኽ ለመንኩት። እንዲጮኽም ለመንኩት።

ማታ ከግርማ ጋር ቁጭ ብለን አሰብን። ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ የስልክ አገልግሎት አለ፤ ቁጥሩ ወደዚያ ከተዛወረ ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ይጮኻል፣ ሮሚንግ የሚባል ነገር የለበትም። የእማዬ ስልክ ላይ ደሴ፣ የኔም ላይ እዚህ። ግርማ ነው ያስታወሰው፤ አብሮት የሚሠራ ሾፌር ከአባቱ ጋር እንዲህ ያደርጋል። «ቁጥር እኮ ነው» ያለው ሰውዬ ዛሬ ከኔ ብሶ መመሪያውን ያነባል።

ቅዳሜ

ከካምፓኒው ለመውጣት ደወልኩ። የታማኝ ደንበኞች ክፍል።

«ከሃያ ዓመት በኋላ ለምን ይለዩናል?» አለኝ ያነሣው ሰው።

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦ «እናቴ በየወሩ ሳታጓድል ከናንተ ጋር ኖራለች። እናንተ ግን ስትቸገር ያወቃችሁት ፖሊሲውን ነው። እኛ ታማኝ የሆንነው ለአንድ ልጅ ነው። እሱ ያለበት ነው የምንሄደው።»

ይሁንና ያቀረበልኝን ልጻፍ፣ ለወደፊት እንድስቅበት፦ ታብሌት፤ የእጅ ሰዓት፤ ተጨማሪ መስመር በነፃ፤ ወደ ሜክሲኮ እና ካናዳ ያልተገደበ ጥሪ። ደሴ በካናዳ በኩል አይደለችም አልኩት። ሳቀ፣ ሰው ነው። ከዚያ የማዛወሪያውን የምስጢር ቁጥር ሰጠኝ።

የእማዬ ስልክ ላይ የአዲሱን አገልግሎት አፕ መጫን ከሁሉም ከባድ ነበር። «አረንጓዴውን ንኪው።» «የቱን አረንጓዴ?» «ታች ያለውን።» «ታች ያለው ሰማያዊ ነው።» «እማዬ፣ ስልኩን ገልብጠሽው ይሆናል።» ገልብጣው ነበር። እትዬ ብርቄ ከአልጋዋ ሆና «ምን ሆናችሁ ነው የምትጯጯኹት?» ትላለች። እሷም ስትስቅ ሰማኋት፤ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ከቀትር በኋላ ቁጥሩ ተዛወረ። ለመሞከር ግርማ ታች መኪና ማቆሚያው ወርዶ በራሱ ስልክ ደወለ። የኔ ጮኸ፣ አልነካሁትም። በሌላው ስልክ እማዬ ጋ ሲጮኽ ይሰማኛል። አነሣችው።

«ሄሎ? ናሆሜ?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ግርማ ነኝ። እንዴት ዋሉ? እየሞከርን ነው።»

«አዬ… ግርማ ነህ። ደህና ነኝ ልጄ። ይሰማል። በደንብ ይሰማል።»

ግርማ ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። ብርድ ነው አለ።

እሑድ

ጠዋት ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ከግርማ ጋር አሌክሳንድሪያ ሄድን፤ ናሆምን ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ እንደሚሠራ ወሬው እንዲደርሰው።

አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ለደጅ አዳሪዎች ምሳ ያበላሉ። ሾርባ ለምታወጣ አንዲት ጸጉረ ነጭ ፈረንጅ ፎቶውን አሳየኋት፤ ወዲያው አወቀችው።

«ማክሰኞ እዚህ ነበር። ስልኬን ለምኖኝ ደወለ። አዳመጠ፣ መለሰልኝ። ምን አሉህ ብዬ ብጠይቀው፣ እናቴ ጥሪ አትቀበልም አለኝ። ምሳውን ሳይበላ ሄደ።»

ማክሰኞ። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ያቺን ለስላሳ ድምፅ ሁለት ጊዜ የሰማሁ ቀን። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሴትዮዋ ወንበር አመጣችልኝ። ስልኩ እንደተስተካከለ፣ እናቱ እየጠበቀችው እንደሆነ ንገሪልኝ አልኳት። እነግረዋለሁ፣ እዚህ ለሚሠሩትም ሁሉ እነግራለሁ አለች። እጄን አጥብቃ ጨበጠችኝ።

ወጥተን መኪና ውስጥ ቁጭ አልን። ግርማ ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቂያውን ከፈተ። ወዴት እንሂድ አላለኝም፣ እኔም አላውቅም። መንገዱ ላይ የሚሄደውን ረጅም ሰው ሁሉ እናያለን።

ስልኩ ጮኸ። የእማዬ ቁጥር ላይ ነው። የማላውቀው ቁጥር ነው የሚደውለው፣ የቨርጂኒያ ኮድ።

ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል። ጣቴ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ተመለሰ። ባነሣው ድምፁን እሰማለሁ፤ መኖሩን አውቃለሁ። ካነሣሁት ግን ይዘጋል። ግርማ እጄን ያዘ፤ ሊያጽናናኝ ይሁን እንዳልነካው ሊጠብቀኝ አልጠየቅሁትም። ጮኸ። ጮኸ። እማዬ የት ናት? እትዬ ብርቄን እያገላበጠች ይሆን? ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ትታው ይሆን? ደሴ እኮ መሽቷል።

ዝም አለ።

ሰው አነሣው ወይስ ተስፋ ቆርጦ ተወው፣ ስክሪኑ አይናገርም። ተቀመጥን። ማሞቂያው ይነፍሳል። ከዚያ በኋላ የቆየነው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ መስታወቱ ሁሉ በትንፋሻችን ተሸፈነ።

እማዬ ደወለች። ታለቅሳለች። ከዚያ «አነጋገርኩት» አለች።

«ደህና ነው?»

«ድምፁ ደክሟል። በርዶሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ካልሲ ሰጥተውኛል አለኝ። ማክሰኞ ለምን አላነሣሽም ብሎ ተቆጣኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ካምፓኒው ነው የዘጋብኝ አልኩት። ‹እንግዲያው ቀይሪው ማሚ› አለኝ፣ ልክ እንደ ድሮው። ቀይሬዋለሁ አልኩት።»

የት እንዳለ አልነገራትም። የስልኩን ባለቤት አመስግኜ ልመልስ ብሎ ዘጋ። ማመስገኑን ስትነግረኝ ደስ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ መሽቶ ነበር። ሾርባ የምታወጣው ሴትዮ መጠለያው በዚህ ሳምንት ተጨማሪ አልጋ ይዘረጋል ብላኛለች። ናሆም እዚያ አድሮ እንደሆነ ነገ ከሥራ በኋላ ሄጄ እጠይቃለሁ።